የአብያታ ድርሻ



ከእናንተ መካከል ወደ ሐዋሳ ወርዶ የማያውቅ ብዙ ሰው አይኖርም። ለሠርግ ይሁን ለስብሰባ፣ ለገብርኤል ንግሥ ይሁን ለዕረፍት፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ዛሬ ባቱ የምንላት ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። ከቡልቡላ ወረድ ሲባል በግራ በኩል ላንጋኖ ይመጣል። እዚያ መኪና ይቆማል፣ ይዋኛል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ፎቶ ይነሣል። በቀኝ በኩል ግን ግራር ተበታትኖ የቆመበት ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ማዶ ነጣ ያለ ነገር ያብለጨልጫል። ተሳፋሪው የሙቀት ነጸብራቅ መስሎት ያልፈዋል። ያ ነጣ ያለው ነገር ከፊሉ ውሃ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ትናንት ውሃ የነበረ፣ ዛሬ ጨው የለበሰ መሬት ነው። ንግግሬ ስለዚያ ስለ ቀኙ ወገን ነው፤ ስለ አብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ።

ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የተከለለው በ1960ዎቹ ሲሆን ዋናው ምክንያት የውሃ ወፎች ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌሎቹን ታዋቂ ፓርኮቻችንን ለዋልያ፣ ለኒያላ፣ ለቆርኬ ብለን ከልለናል፤ ይሄኛው ግን በክንፉ ለሚመጣና ድንበር ለማያውቅ እንግዳ የተሰጠ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 482ቱ ውሃ ነው ይላል ሰነዱ። ሰነዱ የተጻፈው ሐይቁ ሙሉ በነበረ ጊዜ ነው።

የቦታውን ነገር ለመረዳት ጥቂት ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከአሥር ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አራት ሐይቆች አልነበሩም፤ አንድ ነበሩ። ያ ትልቅ ሐይቅ ከቅርቡ ዘመን የአብያታ ገጽ ወደ መቶ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተንጣሎ፣ ሲሞላ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የጥንቱ ዳርቻ በየኮረብታው ጎን እርከን ሠርቶ ዛሬም ይታያል፤ ጂኦሎጂ ያልተማረ ሰው እንኳ አንዴ ካሳዩት አይስተውም። ዘመኑ ሲደርቅ ውሃው ጎደለና አራት ቦታ ተከፈለ። ዝምድናው ግን አልተቋረጠም። መቂና ቀታር ከጉራጌና ከአርሲ ደጋ ወርደው ዝዋይን ይሞላሉ። ዝዋይ ሲተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ለአብያታ ይልካል። ላንጋኖም የተረፈውን በሆራ ከሎ በኩል እዚያው ያደርሳል።

አብያታ ለማንም አይልክም። መውጫ የለውም። የሚገባለት ሌሎች ጠጥተው የተረፈ ነው፤ የሚወጣለት ደግሞ በፀሐይ የሚተን ብቻ። ከገጠር የመጣችሁ በመስኖ ቦይ ጭራ ላይ መሬት የደረሰውን ገበሬ ታውቁታላችሁ። ከላይ ያሉት በደህና ዓመት ሲያጠጡ ይደርሰዋል፤ በክፉ ዓመት ግን መጀመሪያ የሚደርቀው የእሱ ማሳ ነው። አቤት ቢል ደግሞ «ውሃው አልበቃም እንጂ ማን ከለከለህ» ይባላል። አብያታ ያ ገበሬ ነው።

ከጎኑ ያለው ሻላ ፍጹም ሌላ ጠባይ አለው። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ በተደረመሰበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውስጥ የሚስተካከለው የለም። የዝዋይ፣ የላንጋኖና የአብያታ ውሃ አንድ ላይ ቢደመር የሻላን አያህልም። ከዳርቻው አንዳንድ ቦታ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ የአካባቢው ሰው ይታጠብበታል፣ በቆሎም ይቀቅልበታል። ሻላ ለክፉ ዓመት አይደነግጥም፤ የጥልቅ ሐይቅ ነገር እንዲህ ነው። አብያታ ግን በደጉ ጊዜ እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አይዘልም፤ ዳርቻውም ዝርግ ነው። ዝርግ ዳርቻ ማለት ውሃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ በወርድ እጅግ ይሸሻል ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት የማይመሳሰሉ ጎረቤታሞች አንድ ያደረጋቸው አንድ ወፍ ነው። ፔሊካን።

ነጩ ፔሊካን ክብደቱ አሥር ኪሎ ገደማ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሦስት ሜትር የሚደርስ ወፍ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ አካል በየቀኑ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መንገድ ቢሄድ የሚበላው ሁሉ ለጉዞው ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ይጠብቃል። ማለዳ መሬቱ እስኪሞቅ፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ መነሣት እስኪጀምር ይጠብቅና፣ በዚያ አየር ላይ ተንሳፎ እየተሽከረከረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። በሻላ ውስጥ ድንጋያማ ደሴቶች አሉ። ፔሊካኖቹ የሚፈለፍሉት እዚያ ነው፤ በአፍሪካ ከሚታወቁት ትልልቅ የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነበር። ጅብ አይሻገርም፣ ቀበሮ አይሻገርም፤ ጥልቁ ውሃ አጥር ነው። ችግሩ ግን ሻላ የሚበቃ ዓሣ የለውም። ዓሣው የነበረው ከኮረብታው ማዶ፣ አብያታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ወፎቹ ሻላ ላይ ይወልዱ፣ አብያታ ላይ ይመገቡ ነበር። ጠዋት በሞቃቱ አየር ተነሥተው ኮረብታውን ያልፉ ነበር፤ አብያታ ላይ ሲያርፉ በግማሽ ክብ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሽ ጥግ ይነዳሉ፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ይነክራሉ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በአገጫቸው ከረጢት ሞልተው፣ ውሃውን አንጠፍጥፈው ይውጣሉ። ከሰዓት በኋላ ለጫጩቶቻቸው ይዘው ይመለሳሉ። እናትና አባት ተራ ገብተው ዕንቁላሉን ከአንድ ወር በላይ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቱ እስኪበር ደግሞ ሌላ ሁለት ወር አልፎም ይመግባሉ። ሁለት ዕንቁላል ይጣላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጫጩት ብቻ ያድጋል። ትርፍ የሌለው ኑሮ ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ደሴቱ ድረስ ሄደው ያጠኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከእነዚህ መካከል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባንና የንስር ሊቅ ሌስሊ ብራውን ይጠቀሳሉ። የሻላን ፔሊካኖች የመራባት ነገር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተሙ፤ ሁለት ዓመት ቆይተውም የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ አወጡ። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምን እንዳጣን መናገር እንኳ አንችልም ነበር። በአገራችን የተፈጥሮ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይቆጠር ስለሚጠፋ፣ ሲጠፋ ምስክር የለውም። አብያታ ግን ምስክር አለው።

ምስክሩ የሚለውም ይህን ነው። ሐይቁ ጎደለ። ውሃ ሲጎድል ጨው አይጎድልም፤ ስለዚህ የቀረው ውሃ ጨውና ሶዳ በዛበት። ቆሮሶ ጨው የሚችል ዓሣ ነው፤ ቢሆንም ልክ አለው። ልኩ ሲታለፍ አለቀ። በአንድ ወቅት አብያታ ላይ መረብ ጥለው የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሥራቸው አብሮ ጠፋ። በዛፍ ላይ ተቀምጦ የሚጮኸው ዓሣ አዳኙ ንስር ቦታ ለቀቀ። ፔሊካኑም ኮረብታ ተሻግሮ ምሳ የሚያገኝበት ዘመን አበቃ፤ ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነበት። ጫጩት ያለው ወፍ እንዲህ ያለውን መንገድ በየቀኑ አይችለውም። የመራቢያ ደሴቱ ዛሬም በቦታው አለ፣ ማንም አልነካውም፤ ቁጥራቸው ግን በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ደሴቱን ጠብቀን ማዕዱን አነሣንባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን አንሥቶ «ፍላሚንጎው ግን በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ፎቶውን በፌስቡክ አይቻለሁ» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። ፍላሚንጎ የሚበላው ሌላ ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ በሶዳ ውሃ ውስጥ የሚራባውን ስፒሩሊና የሚባል ደቃቅ ዋቅላሚ ይመገባል፤ ጭንቅላቱን ገልብጦ መንቁሩን ውሃው ላይ ያደርግና፣ ምላሱን በፍጥነት እያመላለሰ ውሃውን ያስገባል፣ ያጣራል፣ ያስወጣል። ሮዝ ቀለሙም ከዚሁ ምግብ የሚገኝ ነው። ትልቁ ፍላሚንጎ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማል። ከሻላ በስተደቡብ ምዕራብ ጭቱ የምትባል በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛች ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ውሃዋ በዋቅላሚ አረንጓዴ ሆኖ፣ ዳርዋ በፍላሚንጎ ሮዝ ሆኖ ሲታይ፣ ቱሪስት የካሜራውን ባትሪ የሚጨርሰው እዚያ ነው። እኔም አልፈርድበትም።

ነገር ግን በዚያ ፎቶ መጽናናት አይገባም። ዓሣ በሊታው ወፍ ሄዶ ዋቅላሚ በሊታው ሲበዛ፣ ለካሜራ የሚያምረው ትዕይንት ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፍላሚንጎም ቢሆን ልክ አለው፤ ውሃው ይበልጥ ጨዋማ ሲሆን ዋቅላሚው ራሱ አይችለውም። በዚያ ላይ ፍላሚንጎ የአንድ ሐይቅ ነዋሪ አይደለም። ከእኛ ስምጥ ሸለቆ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ ባሉት የሶዳ ሐይቆች መካከል ምግብ እየተከተለ ይዞራል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ዋናው መራቢያው ታንዛኒያ ያለው ናትሮን ነው። አንድ ጣቢያ ቢዘጋበት ለጊዜው ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ የፍላሚንጎ መምጣትና መሄድ ስለ አብያታ ጤንነት ብዙ አይነግረንም። ስለ ጤንነቱ የሚነግረን የዓሣው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ሐይቁን ማን አጎደለው?

ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው የሶዳ አሽ ፋብሪካው ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በአብያታ ዳርቻ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ተተከለ። የሐይቁን ውሃ ስቦ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች ያስገባል፤ ውሃው በፀሐይ ሲተን የሚቀረው ሶዳ ለመስታወት፣ ለሳሙና፣ ለኮስቲክ ሶዳ ይውላል። ፓርክ ውስጥ ፋብሪካ መትከል በየትኛውም መለኪያ የሚያሳፍር ውሳኔ ነው፤ ይህን ለማለት አልሸሽም። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መደፍደፍ ይቀለናል፤ የሚቀለን ደግሞ ስለሚታይ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ጭስ ማውጫ፣ አንድ ፓምፕ። የማይታየው ከላይ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ፀሐይና ነፋስ ከሐይቅ ገጽ በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይወስዳሉ። ዝናቡ የሚመልሰው የዚህን ሲሶ ያህል ነው። የቀረውን ጉድለት የሚሞሉት ወንዞች ናቸው፤ በተለይ ቡልቡላ። ወንዞቹ ጨርሰው ቢቆሙ አብያታ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እየወረደ ይሄዳል፤ ጥልቀቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበር። ለዚህ ጥናት አያስፈልግም፣ መቀነስ የሚያውቅ ልጅ ይበቃል።

ቡልቡላን ምን አደከመው? ዝዋይ ዙሪያ ያለው ፓምፕ። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው ጨዋማ ያልሆነ፣ ለዋናው መንገድ ቅርብ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ለመስኖ እንዲህ ያለ ሐይቅ ከየት ይገኛል? ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ፎሶሊያው፣ ፓፓያው ከዚያ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአበባ እርሻው ተስፋፋ። በመቂና በቀታር ወንዞች ላይም ሐይቁ ሳይደርሱ የሚጠልፏቸው በዙ። ባቱ ከተማም ከሐይቁ ትጠጣለች። በቅርብ ዓመታት ቡልቡላ አጠገብ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ልጁን ያስተምርበታል፤ አበባ ቤት የምትሠራው ወጣት በወሩ መጨረሻ ለእናቷ ትልካለች። ክፉ ሰው የለበትም። ቡልቡላ ግን በበጋ እየተቋረጠ መጣ፤ ሲቋረጥም «እኔ ነኝ ያቋረጥኩት» የሚል ሰው አይገኝም፤ ሁሉም የወሰደው ጥቂት ነውና።

ስለ መሬቱ ክፍል በአጭሩ ልለፍ፤ እሱ በብዙዎች የተነገረ ነው። የግራር ደኑ ለከሰል ተቆርጧል፤ በመንገዱ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ የማይገባው ገዢ የለም። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ፓርኩ ባለቤት አጥቶ ብዙ ጉዳት ደረሰበት። አሸዋ ይቆፈራል፤ ለከብት የሚሆነው ቦሌ አፈርም በመኪና ይጫናል። በፓርኩ ክልል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከነከብቱ ይኖራል። አጋዘኑ ብርቅ ሆኗል። ሰጎን፣ ከርከሮና የሜዳ ፍየል ማየት የሚፈልግ ጎብኚ በመግቢያው አካባቢ በታጠረው ቦታ ውስጥ ያገኛቸዋል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አጥር ሠርቶ አውሬን ከሰው መጠበቅ! ግን እዚያ የሚኖረውን የአርሲ አርብቶ አደር በዚህ ሁሉ ተጠያቂ ማድረግ አይገባም፤ ከብቱ ከፓርኩ በፊት እዚያው ነበር፣ ሐይቁንም ያደረቀው እሱ አይደለም። ሐይቁ ሲሸሽ የጨው አቧራ የሚነፍስበትም እሱው ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ፓርኩ ወሰን አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ካርታ አለው። ጠባቂው ዛፍ የሚቆርጠውን ሊይዝ ይችላል። ዝዋይ ዳር ያለውን ፓምፕ ግን በየትኛው ሥልጣኑ ይነካዋል? ከእሱ ወሰን ውጭ ነው። የፓርኩ ሕይወት የተመሠረተበት ውሃ የሚወሰነው ፓርኩ ድምፅ በሌለበት ቦታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ በፊት ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ተገቢ ነው፣ ሰው ይቅደም። ከመጠጥ በኋላ ባለው ወረፋ ላይ ግን አብያታ በስሙ ሊሰለፍ ይገባዋል።

«ሕዝብ ሥራ እየፈለገ ለወፍ ውሃ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የሚያስቆጣም ጥያቄ አይደለም። መልሴ ስለ ወፍ አይደለም፤ ስለ ዝዋይ ነው።

ዝዋይ ለምን ጨዋማ አይሆንም? እሱም እኮ በዚያው ሙቅ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከእሱም በዓመት ያው ሁለት ሜትር ገደማ ይተናል። መቂና ቀታር ይዘውት የሚመጡት ውሃ ጥቂት ጥቂት ማዕድን አለው፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። ይህ ለሺህ ዓመታት ተጠራቅሞ ዝዋይን ለምን ሁለተኛ አብያታ አላደረገውም? በቡልቡላ ስለሚወጣ ነው። ቡልቡላ የዝዋይን ጨው እያጠበ ወደ አብያታ ያወርደዋል፤ አብያታ የዚያን ሁሉ ጨው ተሸክሞ ዝዋይን ጣፋጭ አድርጎ አኑሮታል። አሁን ቡልቡላን ብትዘጉት፣ ዝዋይም መውጫ የሌለው ሐይቅ ይሆናል። በአንድ ዓመት አይታወቅም፤ በአምስት ዓመት ላይታወቅ ይችላል። ከጊዜ በኋላ ግን መጀመሪያ ፎሶሊያው ይጫጫል፣ ቀጥሎ ሽንኩርቱ፤ መሬቱ ነጭ ነጭ ይላል፤ ከዚያ የከተማው የመጠጥ ውሃ። ስለዚህ «ለአብያታ የሚለቀቅ ውሃ ብክነት ነው» የሚለው ባለሀብት የራሱን ማሳ ማጠቢያ እየደፈነ ነው። ጭራ ላይ ያለው ገበሬ የደረሰው ውሃ ለላይኞቹም ይሠራ ነበር፤ ያላወቁት እነሱ ናቸው።

አንዳንዱ ሰው ሐይቅ ይጎድላል እንጂ አይጠፋም ብሎ ያስባል። ሐረማያን ያዩ በዚህ አይስማሙም። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችበት፣ ዩኒቨርሲቲው የሚያየው ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ለከተማ ይቀዳ ነበር፤ ለጫትና ለአትክልት በየአቅጣጫው በፓምፕ ይሳብ ነበር፤ ከተራራው የሚወርደው ደለልም ይሞላው ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሶ ብዙዎችን አስደስቷል። ከሐረማያ የምወስደው ሁለቱንም ነው፤ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፣ ጫናው ሲቀልለት ደግሞ ሊመለስ ይችላል።

የአብያታን ጉዳይ የሚመስል የፍርድ ታሪክ ደግሞ ከሩቅ አገር አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞኖ የሚባል መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ከተማ ሐይቁን የሚመግቡትን ጅረቶች ጠልፋ ወሰደች። በአርባ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የሐይቁ ገጽ ወደ 14 ሜትር ወረደ፤ ጨዋማነቱ እጥፍ ሆነ። ወፎች የሚፈለፍሉባት ደሴት ከየብስ ጋር ተገናኘችና እ.ኤ.አ. በ1979 ኮዮቴ የሚባሉ የዱር ውሾች ገብተው መራቢያውን አተራመሱት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1983 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥት የውሃ ፈቃድ ሲሰጥ ሐይቁን የሕዝብ አደራ አድርጎ ሊያስብለት ይገባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የውሃ ቦርዱ ሐይቁ የሚደርስበትን ከፍታ በቁጥር ወስኖ ጅረቶቹ እንዲለቀቁ አዘዘ። ሐይቁ ያ ቁጥር ላይ እስካሁን አልደረሰም። ሎስ አንጀለስም በጥም አላለቀችም፤ ውሃ መቆጠብ ተማረች። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ቁጥሩ ነው። «ሐይቁን እንጠብቅ» ማለት ማንንም አያስገድድም። «ሐይቁ ከዚህ በታች አይውረድ» ማለት ግን ያስገድዳል።

ለአብያታ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ቡልቡላ በየወሩ ቢያንስ ምን ያህል መፍሰስ እንዳለበት በቁጥር ይወሰን፤ ወንዙ ላይም መለኪያ ይቁም፤ ልኬቱም ለሕዝብ ይነገር። ዝዋይ ዙሪያ ያለው ፓምፕ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ይመዝገብና የሚወስደው ይታወቅ። በቦይ ለቆ ማጠጣት ብዙ ውሃ ያባክናል፤ ጠብታ መስኖ የሚያስገባ ገበሬ ብድርና ዕቃ በቀላሉ ያግኝ፣ ምክንያቱም እሱ የሚያተርፈው ውሃ የአብያታ ድርሻ ነው። በአብያታ ዳርቻ ያለው ፋብሪካም ሐይቁ በሸሸበት ዓመት ልክ እንደ ገበሬው ይቆጠር፤ ከጥቂቱ ላይ ጥቂት ይውሰድ ወይም አይውሰድ።

ወጪው ብዙ አይደለም። በየጥር ወር የውሃ ወፎችን የሚቆጥሩ ሰዎች አሉን፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማህበር ለዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። የሐይቁን ከፍታ የሚለካ ሙያተኛ አለን፤ ሳተላይቱም ሐይቁን ሳይከፈለው ያየዋል። የጎደለን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ነው። የፓርኩ ሰው፣ የመስኖው ሰው፣ የከተማው የውሃ ክፍል፣ የአበባው ባለሀብትና የቡልቡላ ዳር ገበሬ አንድ ላይ እምብዛም አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ ለየራሱ አለቃ ሪፖርት ይጽፋል።

ከእናንተ መካከል በውሃ፣ በመስኖ፣ በኢንቨስትመንት ወይም በሕግ ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እናንተን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከዝዋይ፣ ከመቂ ወይም ከቀታር ውሃ ለመውሰድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቡልቡላ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ካልመጣላችሁ አትፈርሙ።